ዲግሪ ብቻውን ቀጣሪ አይሆንም፦ ፔናንግ ለመሐንዲሶቿ ሥራ ያገኘችው እንዴት ነው?



«ልጄ ኢንጂነሪንግ ተምሮ ተመረቀ፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ ቤት ተቀምጧል። ሳይንስ ይማሩ ስትሉን አልነበር?» ይህ ከወላጆች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ደግሞ ከተማሪዎቹ ከራሳቸው እንሰማው ነበር። የእነሱ አጠያየቅ አጠር ያለና ይበልጥ የሚያስጨንቅ ነው፦ «ከተማርን በኋላ ማን ይቀጥረናል?»

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ጥያቄ የለመድነው መልስ አለ። ኢብኑል ሀይሠምን እናነሳለን፣ አል-ኸዋሪዝሚን እንጠቅሳለን፣ ስለ ባግዳድና ስለ ቁርጡባ እናወራለን። ታሪኩ እውነት ነው፤ መንገሩም አይከፋም። ነገር ግን ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የምንዘላት አንዲት ነጥብ አለች። እነዚያ ሊቃውንት ቀጣሪ ነበራቸው። አል-ጀዘሪ ስለ ውሃ ማንሻዎች፣ ስለ ሰዓቶችና ስለ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች የጻፈውን ዝነኛ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1206 ገደማ ሲያጠናቅቅ፣ በዲያርበኪር አካባቢ በነገሡት የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት ገዢዎች ዘንድ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ባለሙያ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሰዓት ይፈልጋል፣ ውሃ የሚስብ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መሐንዲሱን ይከፍለዋል። ፈላጊና ከፋይ ባይኖር ኖሮ ያ እውቀት የት ይደርስ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው።

ዛሬ የቤተ መንግሥቱን ቦታ የያዘው ኢንዱስትሪው ነው። ግን የትኛውም ኢንዱስትሪ አይደለም። አሥር ሺህ ሰው ቀጥሮ መሐንዲሶቹ በጣት የሚቆጠሩ ፋብሪካ አለ፤ ሁለት ሺህ ሰው ቀጥሮ ከግማሽ የማያንሱት መሐንዲስ፣ ኬሚስትና ቴክኒሻን የሆኑበትም አለ። ልዩነቱ ከየት ይመጣል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንዲት ትንሽ ደሴት በኩል ለማየት እንሞክራለን። ደሴቲቱ በማሌዥያ የምትገኘው ፔናንግ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሩዝ ማሳው ላይ የተተከሉት ስምንቱ ፋብሪካዎች

ፔናንግ ለዘመናት የኖረችው በወደቧ ነው። ከቀረጥ ነፃ በመሆኗ ነጋዴው ይጎርፍባት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ይህን መብቷን አጣች፤ ንግዱም ቀዘቀዘ። በዚያን ጊዜ ከመቶ ሠራተኛ 15 ያህሉ ሥራ አጥ ነበር። በግንቦት 1969 በዋና ከተማዋ በኳላ ላምፑር የዘር ግጭት ተነስቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት የፔናንግ ግዛት ዋና ሚኒስትር የሆነው ሊም ቾንግ ዩ በሙያው ሐኪም ነበር። ከፊቱ የነበረው ችግር ግልጽ ነው፦ ወጣቱ ሥራ የለውም፣ ገበያው ጠባብ ነው፣ አገሪቱ ቁስል ላይ ናት።

በ1970 አንድ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ያቀረበው ጥናት የመከረው ለአገር ውስጥ ገበያ ብቻ ሳይሆን ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን ማምጣትን ነበር። ሊም ቾንግ ዩ ምክሩን ይዞ በየአገሩ እየዞረ ኩባንያዎችን ለመነ፣ አግባባ። በ1972 ባያን ሌፓስ በሚባለው ስፍራ፣ የሩዝ ማሳ በነበረ መሬት ላይ፣ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። ቦታው የተመረጠው እንዲያው አልነበረም፤ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። ቺፕ ማለት ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ የሆነ ዕቃ ነው። እንደ ሲሚንቶ መርከብና ባቡር አይፈልግም፤ በአውሮፕላን ተጭኖ ሄዶም ያዋጣል።

ቀድመው የገቡት ስምንት ኩባንያዎች እስከ ዛሬ «ስምንቱ ሳሙራይ» እየተባሉ ይጠራሉ፦ ኢንቴል፣ ኤ.ኤም.ዲ፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር፣ ሊትሮኒክስ፣ ሂታቺ፣ ክላሪዮንና ቦሽ። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የመገጣጠሚያ ፋብሪካ የከፈተው እዚያው ነው፤ ሲጀምር የሠራተኞቹ ቁጥር አንድ ሺህ ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሳይንቲስቶችና ለመሐንዲሶች የተፈጠረው ሥራ እጅግ ጥቂት ነበር። ሥራው የመጣው ለገጠር ልጃገረዶች ነው። አብዛኞቹ ከየመንደሩ የመጡ የማላይ ሙስሊም ወጣቶች ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ወይም ከማታ እስከ ጠዋት፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር ከቺፕ ጋር ያገናኛሉ። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ዓይን ያደክማል። ከቤተሰብ ርቆ መኖሩ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ፤ በመንደሩ ዘንድ ስማቸው ተነሳ፣ የማሾፊያ ቅጽልም ወጣላቸው።

በ1970ዎቹ በማሌዥያ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኞች በድንገት በጅምላ የሚጮኹበትና የሚወድቁበት ክስተት ተደጋግሞ ተመዝግቧል። አንዳንዶቹ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ጂን አየን ይሉ ነበር። ፋብሪካዎቹም ባህላዊ ፈዋሽ ጠርተው ግቢውን ያስደርጉ ነበር። ነገሩን በሰፊው ያጠናችው የሥነ ሰብ ምሁር አይህዋ ኦንግ ከመንፈሱ ወሬ ጀርባ የታፈነ የሠራተኛ እሮሮ እንዳለ ጽፋለች። የጂን መኖር የእምነታችን አካል ነው፤ ቢሆንም አሥራ ሁለት ሰዓት ያለ በቂ ዕረፍት ማይክሮስኮፕ ላይ የተጎነበሰችን ልጅ ሕመም ሁሉ በጂን ማላከክ ፍትሕ አይመስለንም።

ታዲያ ያ የእጅ ሥራ እንዴት ወደ መሐንዲስ ሥራ ተቀየረ?

ሒሳቡ እዚህ ጋ ነው

በ1980ዎቹ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ማሽን ነው፦ የወርቁን ክር በእጅ ማገናኘት ቀርቶ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ክር የሚያገናኝ ማሽን ገባ። ሁለተኛው በ1985 ገደማ የዓለም የቺፕ ገበያ ወድቆ ብዙ ሠራተኛ መቀነሱ ነው። ገበያው ሲያገግም ፋብሪካዎቹ መልሰው መቅጠር ጀመሩ፤ የሚፈልጉት ሰው ግን ተለወጠ። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ማሽኑን የሚያስተካክል ቴክኒሻንና ምርቱ ለምን እንደተበላሸ የሚያውቅ መሐንዲስ ሆነ።

ለምን? እስቲ የቀድሞ አስተማሪነታችን ይውጣና በሰሌዳ ላይ እንደምንጽፈው እንሥራው። አንድ ምርት በ100 ደረጃዎች ያልፋል እንበል። እያንዳንዱ ደረጃ ከመቶ 99ኙን በትክክል ይሠራል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ፈተና ላይ 99 ያመጣ ተማሪ ይሸለማል። ነገር ግን 0.99ን በራሱ መቶ ጊዜ ብናባዛው የሚመጣው 0.37 ገደማ ነው። ይህ ማለት መጨረሻ ላይ ከመቶ 63ቱ ምርት ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። አሁን ደግሞ እያንዳንዱ ደረጃ 99.9 ቢሆንስ? መጨረሻ ላይ 90 ከመቶ ይተርፋል። ከ99 ወደ 99.9 የተጨመረችው ያቺ ጥቂት ነጥብ ኪሳራን ወደ ትርፍ ትቀይራለች። የዘመናዊ ቺፕ አሠራር ደግሞ መቶ ሳይሆን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎች አሉት።

ያቺን ጥቂት ነጥብ የሚያመጣው ማነው? ጉልበት አያመጣትም፤ ተቆጣጣሪ ሠራተኛ ላይ ቢጮህም አትመጣም። የምታመጣት የእውቀት ሥራ ናት። የተበላሸውን ቺፕ ከፍቶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚመለከተው የቁስ ሳይንስ ባለሙያ ነው። ቺፑን የሚያሽገው ሙጫ ሙቀት ሲበዛበት ለምን እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው ኬሚስቱ ነው። ዛሬ ጠዋት የወጣው ጉድለት የአጋጣሚ ነው ወይስ የማሽን ችግር የሚለውን የሚለየው ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ነው። የፍተሻ ማሽኑን ፕሮግራም የሚጽፈው የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ቢቆም የሚጠፋው ገንዘብ ብዙ ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን ተጠርቶ የሚመጣው የመካኒክና የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሸሚዝ ዘንድሮም ሸሚዝ ነው፤ ከርሞም ሸሚዝ ነው። ቺፕ ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አዲስ ነው። አዲስ ምርት በመጣ ቁጥር የተለመደው አሠራር ይፈርሳል፣ ሙከራው እንደገና ይጀመራል፣ ጉድለቱ እንደገና ይፈለጋል። ስለዚህ መሐንዲሱ አንድ ጊዜ ፋብሪካውን ተክሎ የሚሰናበት ሰው አይደለም። ችግሩ ማለቂያ ስለሌለው ሥራውም ማለቂያ የለውም። «ከፍተኛ ቴክኖሎጂ» የሚባል ኢንዱስትሪ ለሳይንቲስትና ለመሐንዲስ ሥራ የሚፈጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሕንጻው ስለሚያብረቀርቅ አይደለም።

በፔናንግ የተደረሰበት ቀጣይ ደረጃ ንድፍ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንቴል በዚያው ግቢ የቺፕ ንድፍ ክፍል ከፈተ። ሃያ ዓመት ሌሎች የነደፉትን ሲገጣጥሙ የኖሩ ሰዎች ልጆች መንደፍ ጀመሩ። ሂውሌት ፓካርድም እንዲሁ የምርምርና የልማት ሥራ ወደዚያ አመጣ። ማንም በጎ አድራጎት ብሎ አላደረገውም፤ ለሃያ ዓመት የምርቱን ጉድለት ሲያርም የኖረ መሐንዲስ ምርቱን ከነደፈው ሰው በላይ ድክመቱን ያውቃል፤ ደሞዙ ደግሞ ከካሊፎርኒያው ያነሰ ነው። ኩባንያው የሚያየው ይህን ነው።

ተፎካካሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር

በ1980ዎቹ መጨረሻ የሰው እጥረት ተከሰተ። ቀድሞ የነበረው የሥራ አጥነት ችግር ተገልብጦ ኩባንያዎች አንዱ የሌላውን ቴክኒሻን በደሞዝ መሳብ ያዙ። በዚህ ጊዜ የተደረገው ነገር ከታሪኩ ሁሉ እኛን የማረከን ነው። በ1989 የግዛቱ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና ኩባንያዎቹ ተስማምተው የፔናንግ የክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከልን አቋቋሙ። ማሽኑንና አሠልጣኙን ያዋጡት እርስ በርስ የሚፎካከሩት ኩባንያዎች ናቸው። ምን መማር እንዳለበት የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ሠልጣኙ ነገ ፋብሪካ ገብቶ የሚያገኘውን ዓይነት ማሽን ዛሬ ይነካዋል።

ይህ ለፊቅህ ተማሪ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፈርድ ኪፋያ የምንለው ግዴታ በኅብረተሰቡ ውስጥ በቂ ሰው ካልተወጣው ሁሉም የሚጠየቅበት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን፣ እንዲሁም እርሻንና ሽመናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል። በዘመናቸው ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ እየጎረፈ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም ማጣታቸውንም በምሬት ነቅፈዋል። እኚህ ሰው ራሳቸው የፊቅህ ሊቅ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። የገዛሊ ነቀፋ ወደ ትምህርት ምርጫ ብቻ ያነጣጠረ አይመስለንም፤ አንድ ማኅበረሰብ ምን እንደሚያስፈልገው ቆጥሮ ሰው ማዘጋጀት አለበት የሚል ነው። የፔናንጉ ማዕከል ያደረገው ይህንኑ ቆጠራ ነው።

በነገራችን ላይ ታሪኩን «የሙስሊሞች ድል» አድርገን ልንነግራችሁ አልተነሳንም። ፔናንግ ቻይናውያን፣ ማላዮችና ሕንዶች አብረው የሚኖሩባት ናት፤ ሊም ቾንግ ዩ ራሱ ቻይናዊ ዝርያ ያለው ሰው ነው፤ ከኩባንያ ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት የመሠረቱት መሐንዲሶችም አብዛኞቹ ቻይናውያን ናቸው። ማይክሮስኮፑ ላይ ያቀረቀሩት ልጃገረዶች ግን በብዛት የእኛው እህቶች ነበሩ። ዛሬ በማሌዥያ ከተመራማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ሒጃቧን አድርጋ ላቦራቶሪ የምትመራ ማላያዊት እዚያ ብርቅ አይደለችም። ከዚያ እስከዚህ የተሄደው መንገድ በአንድ ትውልድ ተኩል የተሄደ ነው።

ወጥተው የመሠረቱት

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የሥራ ምንጭ ደግሞ ከትላልቆቹ ኩባንያዎች የሚወጣው ሰው ነው። በ1991 የኢንቴል ባልደረቦች የነበሩ ሰዎች ግሎቤትሮኒክስ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። በ2000 ሁለት የፔናንግ መሐንዲሶች ቪትሮክስን መሠረቱ፤ ይህ ድርጅት የሚሠራው በካሜራና በሶፍትዌር የምርትን ጉድለት የሚለይ ማሽን ነው። አስተውሉ፤ ቀድሞ በልጃገረዶች ዓይን ይሠራ የነበረውን ፍተሻ ዛሬ የሚሠራው ማሽን እዚያው ፔናንግ ተነድፎ፣ እዚያው ተሠርቶ ወደ ሌሎች አገሮች ይላካል።

እንዲህ ዓይነት ድርጅቶች የተወለዱት ባዶ ሜዳ ላይ አይደለም። ትልቁ ፋብሪካ ብረት የሚቀርጽለት፣ መለዋወጫ የሚሠራለት፣ የፍተሻ ሣጥን የሚያዘጋጅለት ሰው ይፈልጋል። ከሩቅ አገር ከማስመጣት ከአጠገቡ ቢያገኝ ይመርጣል። ያንን የሚያውቀው መሐንዲስ ከሥራው ይለቅና የቀድሞ አለቃውን ደንበኛው ያደርገዋል።

የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ኤንሪኮ ሞሬቲ በአሜሪካ ከተሞች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በአንድ ከተማ ውስጥ በከፍተኛ ቴክኖሎጂ ዘርፍ አንድ ሥራ ሲፈጠር በጊዜ ሒደት አምስት ያህል ሌሎች ሥራዎች በዚያው ከተማ እንደሚፈጠሩ ደርሶበታል፤ ከጠበቃና ከሐኪም ጀምሮ እስከ ፀጉር አስተካካይና አስተናጋጅ ድረስ። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው፤ ደሞዙም የአሜሪካ ነው። ሌላ አገር አምስቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አቅጣጫው ግን ያው ነው፦ ጥሩ ደሞዝ ያለው መሐንዲስ ቤት ይከራያል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ምሳ ይበላል፣ ልብስ ያሰፋል።

የጎደለው

ፔናንግን አድንቆ ብቻ ማለፍ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ማሌዥያ በ1972 የገባችበትን የመገጣጠምና የመፈተሽ ሥራ በደንብ ያዘችው፤ ዛሬም የዓለምን የቺፕ መገጣጠም፣ ማሸግና መፈተሽ ሥራ 13 ከመቶ ገደማ የምትሠራው እሷ ናት። ወደ ላይኛው ደረጃ፣ ማለትም ቺፑን ራሱን ወደማምረትና ወደመንደፍ የሄደችው ግን በዝግታ ነው። ታይዋንን እንውሰድ። መንግሥቷ በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም አቋቋመ፤ በ1976 ወጣት መሐንዲሶችን አር.ሲ.ኤ ወደሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ልኮ የቺፕ አሠራርን አስቀሰመ። ከዚያ ተቋም በ1987 የወጣው ኩባንያ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ ነው፤ ዛሬ እጅግ ዘመናዊ የሆኑትን ቺፖች የሚሠራው እሱ ነው። ታይዋን እውቀቱን የራሷ ለማድረግ ቀድማ አስባበት ነበር። ማሌዥያ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ኩባንያዎቹ ይዘውላት በመጡት ሥራ ረክታ ቆየች።

የዚህ ዋጋ የተከፈለው በመሐንዲሶቹ ደሞዝ ነው። ሲንጋፖር ቅርብ ናት፤ ደሞዟም ብዙ እጥፍ ነው። የዓለም ባንክ በ2011 ባወጣው ዘገባ ከማሌዥያ ውጭ የሚኖሩ ማሌዥያውያንን ቁጥር አንድ ሚሊዮን ገደማ አድርሶት ነበር፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሲንጋፖር ነበሩ። በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የዘር ኮታው ያስከፋቸውም ብዙ ነበሩ። በግብር ከፋይ ገንዘብ ያስተማርከው መሐንዲስ ድልድይ ተሻግሮ ጎረቤትህን ሲያገለግል ማየት ያንገበግባል። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ማሌዥያ አሁን ይህን ለማረም እየተሯሯጠች ነው። በግንቦት 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር አንዋር ኢብራሂም ይፋ ያደረጉት ብሔራዊ የሴሚኮንዳክተር ስትራቴጂ 60,000 ከፍተኛ ክህሎት ያላቸው መሐንዲሶችን ማሠልጠንን ያካትታል። በነሐሴ 2024 የጀርመኑ ኢንፊኒዮን ከፔናንግ ማዶ ባለችው በኩሊም ትልቅ የቺፕ ማምረቻ ከፈተ፤ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ያስታወቀው የሥራ ቁጥር 900 ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት አርም ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ስምምነት ፈርሟል፤ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ለሕንጻና ለማሽን ሳይሆን ለንድፍ እውቀትና 10,000 መሐንዲሶችን ለማሠልጠን ነው።

ወደ እኛ ሲመጣ

በአገራችን ከ2008 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሉት ተማሪ 70 ከመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን የተተከለው የፈላጊው ወገን ሳይሆን የአቅራቢው ወገን ብቻ ነበር። መሐንዲሱ በሺዎች ተመረቀ፤ የሚፈልገው ኢንዱስትሪ ግን እሱን በሚመጥን ፍጥነት አልመጣም።

የመጣው ኢንዱስትሪ የትኛው ነው? በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋና ሥራው ልብስ ስፌት ነው። ለብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ሥራ ሰጥቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ። ቀድመን ያየነውን ሒሳብ ግን አስታውሱ። የሸሚዝ ስፌት አንድ ቁልፍ ቢጠም ፈትቶ መልሶ መስፋት ይቻላል፤ የቁስ ሳይንስ ባለሙያ አያስጠራም። ስለዚህ የስፌት ፋብሪካ ቢበዛ ልብስ ሰፊ እንጂ መሐንዲስ በብዛት አይቀጥርም። ከአሥር ዓመት በላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሲገጣጠሙ የኖሩት የቴክኖ ስልኮችም ተዘጋጅተው የመጡ ክፍሎች ናቸው፤ የምርቱ ጭንቅላት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፔናንግም በ1972 ከዚህ ብዙ የተሻለ ነገር ይዛ አልጀመረችም። ጥያቄው ከተጀመረ በኋላ ማን ምን ጨመረበት ነው።

እንደ እኛ ግምት ለኢትዮጵያ የሚቀርበው በር የቺፕ ፋብሪካ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። በቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች የተለየ ፓርክ አለ። የመድኃኒት ፋብሪካ ቢፈልግም ባይፈልግም ኬሚስትና ፋርማሲስት መቅጠር ግድ ይለዋል፤ እያንዳንዱ የተመረተ ዙር በላቦራቶሪ ተፈትሾ ካልታለፈ ለገበያ መውጣት አይችልምና። ውሃው በየጊዜው ይመረመራል፣ አየሩ ይጣራል፣ ማሽኑ መዝገብ አለው። የፔናንጉ ቺፕ ፋብሪካ በትርፍና ኪሳራ ስሌት የደረሰበትን የመድኃኒት ፋብሪካ በሕግ ይገደድበታል። ከፋብሪካ ውጭ ደግሞ በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ አለ፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ለውጭ ደንበኞች የሚሠራ ሲሆን ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ላይም ተሳትፏል። ትልቅ ቀጣሪ አይደለም፤ ሆኖም ያለ አውሮፕላን ማረፊያና ያለ ነፃ ቀጠና እውቀት ተሽጦ ደሞዝ እንደሚሆን አሳይቷል።

ልጃቸው ዘንድሮ የትምህርት ዘርፍ የሚመርጥ ወላጆች ካላችሁ፣ የዘርፉን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ያሉት ፋብሪካዎች፣ ሆስፒታሎች፣ የቴሌኮምና የኃይል ተቋማት የጥራት ቁጥጥር ክፍል አላቸው? በዚያ ክፍል የተቀመጠው ሰው የተማረው ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ የሚልከው ወዴት ነው፣ ስንት ወርስ ይቆያሉ? ለልምምድ የወጣ ተማሪ ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ ፊርማ ከማሰባሰብ ይልቅ ማሽን የተበላሸበትን ቀን ይጠብቅ፤ የጥገና ባለሙያው ዘንድ ሄዶ ይቁም፤ ምን እንደሰበረው ይጠይቅ፣ ይጻፍ። በሚቀጥለው ጽሑፋችን ኢንሻአላህ በመድኃኒትና በምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ እህቶችና ወንድሞች የዕለት ሥራቸው ምን እንደሚመስል ይዘን እንመለሳለን።